የሳንፍራንሲስኮው የወርቅ ዘመን ሚንት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳንፍራንሲስኮ ፓወል ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ፊፍዝ ስትሪትን ይዛችሁ ወደ ሚሽን ስትሄዱ ግዙፍ ዓምዶች ያሉት፣ ጥቁርቁር ያለ የድንጋይ ሕንፃ ታያላችሁ። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር እዚያ ጋ አቆመዋለሁ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል «ፍርድ ቤት ነው?» ይለኛል። አይደለም፣ የድሮው ሚንት ነው፣ የካሊፎርኒያ ወርቅ ሳንቲም ሆኖ የወጣበት ቤት። ባለፉት ዓመታት ዘመድ ጓደኛ የጠየቀኝንና በተለይ ደግሞ «ሳንቲም አግኝቻለሁ፣ ስንት ያወጣል?» የሚሉኝን ሰብስቤ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እኛን የሚመለከት አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ የኛን ዓ.ም ብዬ ጽፌያለሁ።

ሚንት ማለት ምንድነው? ቅርንጫፍ ሲባልስ?

ሚንት መንግሥት ሳንቲም የሚሠራበት ቤት ነው። የወረቀት ብር እዚያ አይታተምም፣ ብረት ብቻ ነው፣ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ። የአሜሪካ ዋናው ሚንት ከ1792 ጀምሮ ያለው ፊላደልፊያ ነው። ሌሎቹ የሱ ቅርንጫፎች ነበሩ፣ ማህተሙ የሚቀረጽበት ብረት እንኳን ፊላደልፊያ ተሠርቶ ነበር የሚላክላቸው። የቅርንጫፍ ሳንቲም የሚለየው ላዩ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ፊደል ነው፣ የሳንፍራንሲስኮ ኤስ ናት።

ፊላደልፊያ ካለ ካሊፎርኒያ ላይ ሌላ ለምን አስፈለገ?

ርቀቱ ነዋ! ጥር 24 ቀን 1848 ጄምስ ማርሻል የሚባል አናጺ ኮሎማ ላይ፣ አሜሪካን ሪቨር ዳር፣ ለጆን ሳተር የእንጨት መሰንጠቂያ እየሠራ እያለ የውኃው ቦይ ውስጥ ወርቅ አየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሬዚዳንት ፖልክ ለኮንግረስ ባደረገው ንግግር ወሬው እውነት ነው ብሎ አረጋገጠ፣ ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ማን ያቆመዋል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ 300 ሺህ የሚሆን ሰው ካሊፎርኒያ ገባ። ሳንፍራንሲስኮ ወርቁ ሲገኝ 1000 ሰው ገደማ ያላት መንደር ነበረች፣ በ1852 ግን 36 ሺህ ደርሳለች።

እንግዲህ አስቡት፣ ወርቅ በወርቅ የሆነ አገር ነው ግን ገንዘብ የለም። ወርቁን ሳንቲም ማድረግ የፈለገ ሰው በመርከብ እስከ ፓናማ፣ ፓናማን በበቅሎና በጀልባ ተሻግሮ፣ እንደገና በመርከብ ወደ ምሥራቅ አሜሪካ መላክ አለበት፣ ካልሆነ ደግሞ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ። ሳንቲሙ ተመልሶ እጁ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ፣ የመርከብ ኪራይ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የመስጠም ሥጋት አለ። የፓናማ ባቡር እንኳን የተጠናቀቀው በ1855 ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ሳንፍራንሲስኮ ወደብ የሚገባ ዕቃ ቀረጥ የሚከፈለው በመንግሥት እውቅና ባለው ሳንቲም ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ከረጢት ሙሉ ወርቅ ይዞ ጉምሩክ በር ላይ ቆሞ ዕቃውን ማስወጣት አይችልም። ለኔ ሚንቱን ያስከፈተው ከማዕድን ቆፋሪው ይልቅ የነዚህ ነጋዴዎች ጩኸት ይመስለኛል።

ሚንቱ እስኪከፈት ድረስ ሰው በምን ይገበያይ ነበር?

በወርቅ ብናኝ፣ በሚዛን። ሱቅ ውስጥ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ቁማር ቤት ውስጥ ሁሉ ሚዛን አለ። በኛም አገር ድሮ ወርቅ በወቄት ይመዘን እንደነበረው ማለት ነው፣ የነሱ መለኪያ አውንስ ሲሆን አንዱ 31 ግራም ይሆናል። መንግሥት ለአንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ የቆረጠው ዋጋ 20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነበር፣ ካሊፎርኒያ ገበያ ላይ ግን ብናኙ የሚሄደው በ16 ዶላር ገደማ ነው። ልክ ነው፣ ብናኙ ንጹሕ አይደለም፣ በተፈጥሮው ብር ተቀላቅሎበታል፣ አሸዋም አለው። ግን ልዩነቱ በሙሉ ከዚያ የመጣ አይደለም፣ ሳንቲም ስለሌለ ቆፋሪው የተባለውን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያጥብ የዋለው ሰው ነው ሁልጊዜ የሚጎዳው፣ ይሄ ነገር አዶላም ሻኪሶም ቢሆን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም።

ከዚያ የግል ድርጅቶች ሳንቲም መሥራት ጀመሩ። ሞፋት የሚባለው ድርጅት ጥሩ ስም ነበረው፣ የአንዳንዶቹ ሳንቲም ግን ላዩ ላይ የተጻፈው ዋጋ ያህል ወርቅ ውስጡ አልነበረም፣ ያ ሲታወቅ ደግሞ ሰው የያዘውን ሳንቲም ይዞ ይሯሯጣል፣ የሚቀበለው የለም። በ1851 መንግሥት ኦገስተስ ሀምበርት የሚባል ሰው የወርቅ ንጽሕና መርማሪ አድርጎ ላከ፣ እሱም ከሞፋት ጋር ሆኖ ባለ 50 ዶላር ስምንት ማዕዘን የወርቅ ሳንቲም አወጣ። «ስለግ» ይሉታል፣ እጅ ላይ ሲያርፍ ከሁለት አውንስ በላይ የሚከብድ ነገር ነው። ግን 50 ዶላር በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነው፣ ዳቦ ገዝተህ መልስ ማን ይሰጥሃል? ችግሩን አልፈታውም።

ታዲያ መቼ ተከፈተ?

ኮንግረስ የፈቀደው ሐምሌ 3 ቀን 1852 ነው፣ በፕሬዚዳንት ፊልሞር ጊዜ። መንግሥት አዲስ ቤት ከመሥራት ይልቅ የሞፋትን ሥራ የወረሱት ኩርቲስ፣ ፔሪ እና ዋርድ የነበራቸውን ኮሜርሻል ስትሪት ላይ ያለ ቤት ገዝቶ አስፋፋውና ሚያዝያ 3 ቀን 1854 በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ዶክተር ሉዊስ በርድሶል ይባላል። ቤቱ ወርዱም ቁመቱም 60 ጫማ፣ ባለ ሦስት ፎቅ፣ በቃ ይሄው ነው። ጭሱና የአሲዱ ሽታ፣ ጠባብነቱ፣ ሙቀቱ ብዙ ወቀሳ አስነስቶበታል፣ ያም ሆኖ በዚያው ዓመት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወርቅ ሳንቲም አወጣ።

የ1854ቱ ባለ 5 ዶላር ለምን እንደዚያ ውድ ሆነ?

የተሠራው 268 ብቻ ስለሆነ። ዛሬ መኖራቸው የታወቀው አራት ናቸው፣ አራተኛው ራሱ በ2018 ነው እውነተኛ መሆኑ የተረጋገጠው፣ ባለቤቱ የሐሰት ነው ብሎ አስቦ ነበር። ባለ 2 ዶላር ተኩሉም የዚያ ዓመት 246 ብቻ ነው።

ለምን ትንሽ ተሠራ ለሚለው፣ ወርቅ አልጠፋም፣ የጠፋው አሲድ ነው። ወርቁን ከብሩ ለመለየት ብዙ አሲድ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ካሊፎርኒያ ላይ እንደልብ አይገኝም ነበር። በተጨማሪ ወርቅ ያስገቡት ነጋዴዎች የሚፈልጉት ባለ 20 ዶላሩን ነው፣ ለመቁጠርም ለመላክም ስለሚቀል፣ ስለዚህ የተጣራው ትንሽ ወርቅ በብዛት ለሱ ዋለ።

ወርቁ ከቆፋሪው እጅ እስከ ሳንቲም ያለው መንገድ ምን ይመስላል?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው ግን እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

ሰውዬው ከረጢቱን ይዞ ይመጣል፣ ፊቱ ይመዘንለታል፣ ደረሰኝ ይቀበላል። ከዚያ የሱ ወርቅ ብቻውን ይቀልጥና ቡና ቤት የምታዩት የሳሙና ቁራጭ የመሰለ ጥፍጥፍ ይሆናል፣ ከሱ ላይ ቅንጣት ተቆርጦ ወደ መርማሪው ክፍል ይሄዳል። መርማሪው ቅንጣቷን በጣም በጠራ ሚዛን መዝኖ፣ ከእርሳስ ጋር አቅልጦ ቆሻሻውን ያስወግዳል፣ ቀጥሎ ብሩን በአሲድ ያሟሟዋል፣ የቀረውን ንጹሕ ወርቅ እንደገና ይመዝናል። በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት የወርቁን ንጽሕና ይነግረዋል፣ ለባለቤቱም የሚከፈለው በሱ ልክ ነው። አገራችን ላይም በባህላዊ መንገድ የሚያመርቱ ሰዎች ለብሔራዊ ባንክ ሲሸጡ ዋጋው የሚወሰነው ወርቁ ተመርምሮ ነው፣ ሐሳቡ አንድ ነው።

ዋናው ወርቅ ሲጣራ አንድ የሚገርም ነገር ያደርጋሉ፣ ብር ይጨምሩበታል። አዎ፣ ብሩን ለማውጣት ብር ይጨምራሉ! ምክንያቱ ወርቁ ብዙ ከሆነ ብሩን ከቦ ስለሚይዘው አሲዱ ውስጡ አይገባም፣ ስለዚህ ወርቁ ከአራት አንድ እጅ እስኪሆን ብር ቀላቅለው ያቀልጡና አሲድ ውስጥ ሲከቱት ብሩ ሁሉ ሟሙቶ ወርቁ እንደ ቡናማ ጭቃ ታች ይቀራል። እሱ ታጥቦ ደርቆ ሲቀልጥ ነው ወርቅ የሚመስለው። ከዚያ ከ10 እጅ አንዱ መዳብ ይጨመርበታል ምክንያቱም ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ ኪስ ውስጥ እየተፋተገ ያልቃል።

ቀጥሎ በብረት ጥቅል መሐል እየገባ ይሳሳል፣ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ክብ ይመዘናል። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ፣ ተርታ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይመዝናሉ፣ ትንሽ ከከበደ ጠርዙን በሞረድ ይሞርዱታል፣ ከቀለለ ተመልሶ ይቀልጣል። የሞረዱትን ብናኝ አንዷም ቅንጣት እንዳትጠፋ ይሰበስቡታል። ማህተሙ የሚመታው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ባለ 20 ዶላሩ ክብደቱ 33 ግራም ከምናምን ነው፣ ውስጡ 30 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፣ ያንን ወርቅ በመንግሥት ዋጋ ብታሰሉት በትክክል 20 ዶላር ይመጣል። ሰው ሳንቲሙን ሳይመዝን የሚቀበለው እነዚያ ሴቶች መዝነውለት ስለጨረሱ ነው፣ ስማቸው ግን ብዙም አይነሳም፣ ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወርቅ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ጠፋ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አጎስተን ሀራዝቲ የሚባል የሃንጋሪ ሰው ሚንቱ ውስጥ ወርቅ የማቅለጥና የማንጠር ሥራ ላይ ነበር። በ1857 ሒሳብ ሲታይ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ወርቅ ጎድሏል፣ ሰረቅህ ተባለ፣ ተከሰሰ። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ በ1861 ነው ነፃ የወጣው። ምድጃዎቹ ከአቅማቸው በላይ ቀን ከሌት ይነዱ ስለነበር ወርቁ በጭሱ ውስጥ እየተሳበ ወጥቶ ሰማይ ላይ ተበትኗል፣ በአካባቢው ያሉ ቤቶች ጣሪያ ላይ ሳይቀር የወርቅ ብናኝ ተገኝቷል። የሰውየው ስም ዛሬ የሚነሳው በሌላ ነገር ነው፣ ሶኖማ ላይ ቡዌና ቪስታ የሚባለውን የወይን እርሻ የመሠረተና የካሊፎርኒያ የወይን ጠጅ አባት የሚባል ነው። ግን አስቡት፣ ባልሰረቀው ነገር አራት ዓመት ሌባ ተብሎ መኖር!

የሰመጠችው የወርቅ መርከብስ ከሚንቱ ጋር ምን አገናኛት?

ሴንትራል አሜሪካ ትባላለች። መስከረም 12 ቀን 1857 ከፓናማ ወደ ኒውዮርክ ስትሄድ ካሮላይና አካባቢ ማዕበል መቷት ሰመጠች፣ 425 ገደማ ሰው አለቀ። የጫነችው የካሊፎርኒያ ወርቅ ነው፣ ከሱ ውስጥ በዚያው ዓመት ሳንፍራንሲስኮ ላይ የተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለ 20 ዶላሮች ነበሩ። ኒውዮርክ ያሉ ባንኮች ያንን ወርቅ እየጠበቁ ስለነበር መጥፋቱ የዚያን ዓመት የገንዘብ ቀውስ አባባሰው። መርከቧ በ1988 ከባሕር ወለል ላይ ተገኘች፣ ሳንቲሞቹም 130 ዓመት ውኃ ውስጥ ቆይተው ዛሬ ከማሽን እንደወጡ ያበራሉ፣ ወርቅ ዝገት አይነካውማ።

አሁን የምናየው ትልቁ ሕንፃ መቼ ነው የተሠራው?

ከ1869 እስከ 1874። ኮሜርሻል ስትሪት ያለችው ቤት በወርቁ ራሱ ጠባለች፣ በ1859 ደግሞ ኔቫዳ ላይ ኮምስቶክ የሚባለው ትልቅ የብር ማዕድን ተገኘና ያ ሁሉ ብር መምጣት ጀመረ። አርክቴክቱ አልፍሬድ መለት ነው። «ግራናይት ሌዲ» ይሉታል ግን ግራናይቱ መሠረቱና ታችኛው ክፍል ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ከካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጣ አሸዋ ድንጋይ ነው። መሠረቱ ሌባ ከሥር ቆፍሮ እንዳይገባ ተብሎ በጣም ወፍራም ሆኖ የተሠራ ነው፣ መሐሉ ላይ ክፍት ግቢ አለ፣ ግቢው ውስጥ የጉድጓድ ውኃ። ይቺን ጉድጓድ አትርሷት፣ ታች እመለስባታለሁ።

ትሬድ ዶላር የሚባለው ምንድነው?

ይሄን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት በጣም ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ጠገራ ብርን እናውቃለን። ማርያ ቴሬዛ ኦስትሪያ ላይ ሞታ ካለቀች በኋላም 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ እየታተመ እኛ አገር ገበያ የገባው ለምንድነው? ሰው ያንን መልክና ያንን ክብደት ስለለመደ። አያቶቻችን የሴትየዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቀር ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። አሜሪካም ከ1873 ጀምሮ ልክ እንደዚያ ዓይነት ለቻይና ንግድ የሚሆን የብር ሳንቲም ሠራች፣ አብዛኛው የወጣው ከሳንፍራንሲስኮ ነው፣ ወደቡ እሱ ስለሆነ። ላዩ ላይ ክብደቱና ንጽሕናው በግልጽ ተጽፏል፣ 420 ግሬን፣ ይሄ 27 ግራም ከምናምን ነው፣ ጠገራችን 28 ነበር። የቻይና ነጋዴዎች መርምረው ሲያበቁ የራሳቸውን ትንሽ ማህተም ይመቱበት ስለነበር ዛሬ ቻይንኛ ፊደል የተመታባቸው ትሬድ ዶላሮች ይገኛሉ። እኔ እነሱን ነው ከንጹሖቹ የበለጠ የምወዳቸው፣ እያንዳንዷ ምልክት አንድ ነጋዴ እጁ ላይ ይዞ ያገላበጠበት ቀን ናት።

ተሰርቆ ያውቃል?

አዎ፣ ከውስጥ። በ1901 ከካዝና ውስጥ ባለ 20 ዶላር የተሞሉ ስድስት ከረጢቶች፣ በአጠቃላይ 30 ሺህ ዶላር ጠፋ። ዋልተር ዲሚክ የሚባል የሚንቱ ከፍተኛ ጸሐፊ ጥፋተኛ ተብሎ ሳን ኩዊንቲን ታሰረ። ያን ሁሉ ወፍራም ግድግዳ የሠሩት ለውጪ ሌባ ነበር።

በ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት ተረፈ?

ሚያዝያ 18 ቀን 1906፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ በኛ አቆጣጠር፣ ሳንፍራንሲስኮ ተንቀጠቀጠች። ሕንፃው መንቀጥቀጡን ቻለው። ከተማዋን የጨረሳት ግን ከዚያ በኋላ የተነሳው እሳት ነው፣ የከተማው የውኃ ቧንቧ ተሰባብሮ ስለነበር እሳት አጥፊዎቹ ቱቦ ይዘው ቆመው ያያሉ፣ ውኃ የለም። ከ28 ሺህ በላይ ሕንፃ ወደመ፣ 3000 ገደማና ከዚያ በላይ ሰው እንደሞተ ይገመታል።

የሚንቱ ኃላፊ ፍራንክ ሊች ይባላል፣ ቤቱ ኦክላንድ ነበር። እኔም ኦክላንድ ስለምኖር ይሄን ታሪክ ሳስብ ያን ጠዋት ከዚህ ማዶ ጭሱን እያየ ሲጣደፍ ይታየኛል። በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በሚቃጠለው ከተማ መሐል ዙሪያውን እየዞረ፣ በወታደሮች ኬላ አልፎ ሚንቱ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ 50 የሚሆኑ ሠራተኞች አሉ፣ አንዳንዶቹ የራሳቸው ቤት እየነደደ ነው፣ ግን ትተው አልሄዱም። 10 ወታደሮችም አብረዋቸው ነበሩ። ካዝናው ውስጥ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አለ።

እና ያቺ ጉድጓድ! የራሳቸው ውኃ፣ የራሳቸው ፓምፕና ቱቦ ነበራቸው፣ ለዚያውም የእሳት መከላከያው ገና በቅርቡ ነበር ተሠርቶ ያለቀው። ጣሪያው ላይ ያለውን የሚነድ ነገር ሁሉ እያነሱ ጣሉ፣ የብረት መዝጊያ ያላቸውን መስኮቶች ዘጉ፣ ከላይ ያሉት መስኮቶች ግን ባዶ መስታወት ነበሩ። እሳቱ በመንገዱ ማዶ ካሉት ሕንፃዎች ሲመጣ ሙቀቱ መስታወቱን አቀለጠው፣ የግድግዳው ድንጋይ እንደ ጥይት እየጮኸ ተሰነጣጠቀ፣ ነበልባሉ በመስኮት ወደ ውስጥ ገባ። እነሱ ደግሞ ከክፍል ክፍል እየሮጡ ውኃ ይረጫሉ፣ ጭሱ ሲያፍናቸው ወደ ኋላ ይላሉ፣ ትንሽ ተንፍሰው ተመልሰው ይገባሉ። ለሰዓታት እንደዚህ ሆነው ወደ ማታ ላይ አደጋው አለፈ። ሲወጡ ዙሪያቸው ሁሉ ፍርስራሽ ነው፣ ሕንፃው ግን ቆሟል።

ይሄ ለከተማዋ ምን ማለት እንደነበር ላስረዳ። ባንኮቹ ተቃጥለዋል፣ ካዝናቸው ደግሞ ከውስጥ እንደ ምድጃ ስለጋለ ወዲያው ቢከፈት ወረቀቱ ሁሉ ይነዳል ተብሎ ለሳምንታት መቀዝቀዝ ነበረበት። ስለዚህ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የሚችል ተቋም የቀረው ሚንቱ ብቻ ነበር፣ ከሌላ ከተማ የሚላከው ገንዘብ በሱ በኩል ተከፈለ፣ ለተጎጂዎች የመጣው እርዳታም እዚያ ተቀመጠ።

24 ብቻ የተሠራው ባለ 10 ሳንቲምስ?

የ1894 ነው፣ ባርበር ዳይም ይሉታል፣ ዘጠኝ ገደማ ይታወቃሉ፣ አንዱ በ2007 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ኃላፊው ለልጁ ሦስት ሰጥቷት በአንዱ አይስክሬም ገዛችበት የሚለውን ወሬ እንደ ታሪክ ሳይሆን እንደ ተረት ያዙት።

የመጀመሪያው የወርቅ ዘመን ሚንት እሱ ነው?

አይደለም። ሻርለት ሰሜን ካሮላይና ላይና ዳሎኔጋ ጆርጂያ ላይ በዚያ አካባቢ ወርቅ ስለተገኘ በ1838 ሁለት ትንንሽ ሚንቶች ተከፍተው ነበር፣ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ተዘጉ። ዳሎኔጋ ምልክቱ ዲ ነበር፣ ዴንቨር በ1906 ሳንቲም መሥራት ስትጀምር ያንኑ ዲ ወሰደች፣ ስለዚህ ዲ አይታችሁ ዓመቱን ሳታዩ አትደምድሙ። ካርሰን ሲቲ ኔቫዳ ደግሞ ከ1870 እስከ 1893 ሠርታለች። ከአሜሪካ ውጪ የሚመሳሰለው ሲድኒ ነው፣ አውስትራሊያ ወርቅ በተገኘ በአራተኛው ዓመት፣ በ1855፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ሚንት ከእንግሊዝ ውጪ የመጀመሪያ ቅርንጫፉን እዚያ ከፈተ።

ይሄ ሁሉ ወርቅ ማንንም አልጎዳም?

ጎድቷል፣ በጣም። ወርቁ ሲገኝ ካሊፎርኒያ ውስጥ 150 ሺህ ገደማ ነባር ሕዝቦች ይኖሩ ነበር ተብሎ ይገመታል፣ በ1870 የቀሩት 30 ሺህ ገደማ ናቸው። በበሽታ፣ በረሃብ፣ በቀጥታ በግድያም ነው ያለቁት። በ1850 ደግሞ የውጭ ዜጋ የሆነ ቆፋሪ በወር 20 ዶላር ይክፈል የሚል ግብር መጣ፣ በተለይ ሜክሲኮዎቹና ሌሎች ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ጥለው ሄዱ፣ በኋላ ተሻሽሎ ሲመጣም ክብደቱ ያረፈው ቻይናዎቹ ላይ ነው። ሚንቱን እወደዋለሁ ግን ይሄን ሳልናገር ስለ ሳንቲሙ ውበት ብቻ ማውራት አልችልም።

የወርቅ ሳንቲም መሥራት መቼ ቆመ? ሚንቱስ አሁን አለ?

የሳንፍራንሲስኮ የመጨረሻው ባለ 20 ዶላር የ1930 ነው። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰው የያዘውን የወርቅ ሳንቲም እንዲያስረክብ አዘዘ፣ እጅግ ብዙው ቀለጠ፣ ዛሬ ያለው ከዚያ የተረፈው ነው። ሚንቱ ራሱ በ1937 ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረ፣ ማርኬት ስትሪት አጠገብ ኮረብታ ድንጋይ ላይ ያለ ምሽግ የሚመስል ቤት ነው። በ1955 ሳንቲም መሥራት አቁሞ ነበር፣ በ1965 የሳንቲም እጥረት ሲመጣ እንደገና ጀመረ፣ ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ለሰብሳቢዎች የሚሆኑትን እንደ መስታወት የሚያበሩ ሳንቲሞች ይሠራል። ለጉብኝት አይከፈትም።

ኤስ ያለበት ሳንቲም አለኝ፣ ሀብታም ሆንኩ?

ብዙውን ጊዜ አይደለም፣ ይቅርታ። እስከ 1974 ድረስ ኤስ ያለባቸው ባለ 1 ሳንቲሞች ለገበያ በብዛት ወጥተዋል። ባለ 1 ሳንቲም ካላችሁ ዓመቱ ሥር ተመልከቱ፣ 1909 ሆኖ ኤስ ካለው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ቪ ዲ ቢ የሚሉ ሦስት ጥቃቅን ፊደሎች ካሉበት ቁጭ ብላችሁ ተንፍሱ፣ 484 ሺህ ብቻ ነው የተሠራው። ግን ኤሷ በኋላ የተለጠፈችበት ሐሰተኛም ብዙ ስላለ ሳታስመረምሩ አትግዙም አትሽጡም። እስከ 1907 የተሠራ የድሮ ባለ 20 ዶላር ከሆነ ኤሷ ከጀርባ፣ ከንስሩ ጭራ ሥር ናት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ አትጥረጉት! በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በምንም። አንድ የማውቀው ሰው አባቱ የተወለትን የ1881 የብር ዶላር እንዲያምር ብሎ ፈትጎት ያመጣልኝ ቀን እንዴት እንዳዘንኩ፣ ያ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው መልክ በአምስት ደቂቃ ሄደ፣ አይመለስም።

የኢትዮጵያ ሳንቲም እዚያ ተሠርቶ ያውቃል?

አሜሪካ ላይ የኛ የታተመው በዋናው ቤት ፊላደልፊያ ነው፣ በሳንፍራንሲስኮ አይደለም። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም የሚል ዓመት ያለበትን ብር ያሠሩት ፓሪስ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጡት፣ የኃይለ ሥላሴ መልክና አንበሳ ያለባቸው 1936 ዓ.ም የሚሉት ሳንቲሞች ግን መጀመሪያ የመጡት ከፊላደልፊያ ነው። እናቶቻችን ሣጥን ውስጥ ብዙ አሉ።

መጎብኘት ይቻላል?

ከውጪ በማንኛውም ሰዓት። ሕንፃው ከ1961 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ነው፣ ከ1973 እስከ 1994 ሙዚየም ነበር። በ2003 የፌዴራል መንግሥት ለከተማው በ1 ዶላር ሸጠው፣ የተከፈለውም እዚያው ቤት ውስጥ በ1879 የተሠራ የብር ዶላር ነው። ውስጡ የሚከፈተው ዝግጅት ሲኖር ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ማጣራት ይሻላል። ከገባችሁ ካዝናዎቹን ብቻ አይታችሁ እንዳትወጡ፣ ግቢው የት እንደሆነ ጠይቁና ሂዱ፣ ጉድጓዷ የነበረችው እዚያ ነው።